ብረት ላነሳችሁ፣ ቁጥር ለለጠፋችሁ፦ የምስጋና መልእክት

የፕሮስቴት ካንሰር የውስጥ ጨረር ሕክምና ካቴተሮችን (የጨረር ምንጩ ወደ ፕሮስቴቱ የሚገባባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች) በኤሌክትሮማግኔት የመከታተሉ የሙከራ ሥራ ተጠናቋል። ከሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

አስቀድሞ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች። መሣሪያው ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሰንሰር በየካቴተሩ እስከ ጫፍ ገብቶ ቀስ ብሎ ሲሳብ መንገዱን ነጥብ በነጥብ ይመዘግባል። አጠገቡ ብረት ካለ ግን በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሣና መስኩን ያዛባዋል፤ ቀጥ ያለው ካቴተር በስክሪኑ ላይ ጎብጦ ይታያል። ክፋቱ፣ ማሽኑ ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም። የብረት እግር መደገፊያውን በፕላስቲክ የተካችሁት፣ የመሣሪያ ጠረጴዛውን ያራቃችሁት፣ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ልኬቱ እስኪያልቅ ወደ ኋላ የሳባችሁት እናንተ ናችሁ።

ለ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት ይህን ያህል ድካም? አዎ። ጨረር ከሚያመነጨው ከኢሪዲየም-192 ምንጭ 10 ሚሊ ሜትር ርቆ የታሰበ ቦታ 8 ላይ ቢገኝ የሚያርፍበት ጨረር በ56 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 12 ላይ ቢሆን በ31 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሽንት ቱቦውና ፊንጢጣው ደግሞ እዚያው ጎን ናቸው።

የራዲዮቴራፒ ቴክኖሎጂስቶች፣ በየካቴተሩና ካቴተሩን ከጨረር ማሽኑ ጋር በሚያያይዘው በየማገናኛ ቱቦው ላይ ቁጥር ስለለጠፋችሁ እናመሰግናለን። 7ኛው በ8ኛው ቦታ ቢሰካ ምንጩ ያለ ምንም እክል ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው።

የሰመመን ባለሙያዎች፣ የታካሚውን ትንፋሽ ዝግ ያለ አድርጋችሁ ስለያዛችሁልን እግዜር ይስጥልን። ቆዳ ላይ የተለጠፉት 3 ማጣቀሻ ሰንሰሮች የሰውነትን መንቀሳቀስ ቀንሰው ያሰላሉ፤ ሳል ሲመጣ ግን ልኬቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ሦስት የሆኑትም በምክንያት ነው፦ በሁለት ቦታ ብቻ መሽከርከር ሙሉ በሙሉ አይታወቅም።

መሣሪያውን የምንፈትሽበትን የፕላስቲክ አምሳያ በታወቀ ርቀት ቀዳዳ የበሳህልን የጥገና ባለሙያ፣ ያላንተ የሰንሰሩ መሐል ከካቴተሩ ጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር ገባ እንደሚል መለካት አይቻልም ነበር። ይህ ካልተደመረ ካቴተሩ በሙሉ አጥሮ ይነበባል።

ታካሚዎቻችን፣ ለልኬቱ ተጨማሪ ደቂቃዎች ስለታገሣችሁን ከልብ እናመሰግናለን። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለላችሁ አስቀድማችሁ ስለነገራችሁንም እንዲሁ፤ መስኩ ሊረብሸው ስለሚችል የካቴተሮቻችሁ ቦታ በተለመደው ሲቲ ስካን ብቻ ተለካ።

የብረት መደገፊያዎቹ መጋዘን ናቸው። ለሌላ ቀዶ ሕክምና ስታወጧቸው አንድ ቃል በሉን፤ አምሳያውን እንደገና ሳንለካ አንጀምርም።