እስቲ እግርሽን አሳዪኝ

ይድረስ ለጓደኛዬ፤ እህቴ እንዳልልሽ እህትማማቾች እንዲህ አይጠፋፉም።

እንደምን ከረምሽ? አምስት ዓመትም "ከረምሽ" የሚባል ከሆነ ማለቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የጠፋሁበትን ምክንያት ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ነገሩ አጭር ነው። መጀመሪያ ስልኬ ጠፋ፣ ቁጥርሽም አብሮ ጠፋ። ቁጥርሽን መልሼ ሳገኘው ብዙ ወር አልፎ ስለነበር አፈርኩ። "አሁን ደውዬ ምን ልላት ነው?" ስል አንድ ወር፣ ከዚያ ሌላ ወር፣ ከዚያ ዓመት። ብትቆጪኝ ይገባኛል።

ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ ታናሽሽ ናት። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ተገጣጠምን። ስላንቺ ስጠይቃት "ቀሚስ መልበስ ትታለች፣ ማታ ማታ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነው የምትጋደመው፣ አረጀሁ ትላለች" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ቀሚስ መተው፣ እግር መስቀል፣ "አረጀሁ" ማለት፤ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እኔው ራሴ ያደረግኩት ነው።

ስለዚህ የናፍቆቱን ወሬ ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ስለ እግርሽ ልጻፍልሽ።

ሥራዬ የመቆም ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፀጉር ስሠራ ውዬ አንድ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ፣ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ እግሬን ዙሪያውን አጎድጉዶት አየሁ። ዝም ብሎ መስመር አይደለም። ጣቴን ብከተው የሚሄድበት ቦይ ነው። ሳህን አጥቤ፣ ቤት አስተካክዬ ስመለስ ቦዩ አሁንም አለ። ጠዋት ስነሳ ግን የለም። ስላልነበረ ረሳሁት። የዚህ በሽታ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ቀጥሎ ክብደቱ መጣ። ሕመም ብዬ ልጠራው አልችልም፣ ማንም "የት ጋ ነው የሚያምሽ?" ቢለኝ በጣቴ ማሳየት አልችልም ነበር። ከጉልበቴ በታች አሸዋ የሞሉብኝ ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ አሥር ሰዓት ላይ ያጠብቀኛል። ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝና እየዘለልኩ ከአልጋ እወርዳለሁ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ያሳክከኛል፣ ቅባት እቀባዋለሁ፣ ለጊዜው ያስታግሰዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሰው ሲሰማ "ነርቭ ነው" ይለኛል። ሌላው "ድካም ነው፣ እረፊ" ይለኛል። እኔም ድካም የሚለውን ወደድኩት፤ ምክንያቱም ሐኪም ቤት አያስኬድም።

ያኔ አንድ ነገር ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ! እግሬን ከፍ አድርጌ ስጋደም ይቀለኛል፣ ስቆም ይብሳል፣ ስራመድ ደግሞ ይሻለኛል። ይህ ሦስትዮሽ ራሱ ብዙ ይናገራል። የደም ቅዳ (ደምን ከልብ ወደ እግር የሚያወርደው ሥር) መጥበብ ያለበት ሰው ተቃራኒው ነው፤ ሲራመድ ባቱን ያመዋል፣ ቆም ሲል ይተወዋል፣ ሲብስበትም ሌሊት እግሩን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥል ነው የሚቀለው። አንቺ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ከቀለለሽ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ጥርጣሬዬ ደም መልስ ላይ ነው፤ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ማለቴ ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስሄድ፣ ለምን እንደሆነ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ስላ አሳየችኝ። ልብ ደምን ገፍቶ ወደ እግር ያወርደዋል። መመለሱ ነው ችግሩ። ከቁርጭምጭሚት እስከ ልብ ሽቅብ ነው። ሽቅብ የሚገፋው ባትሽ ነው፤ በተራመድሽ ቁጥር የባትሽ ጡንቻ ውስጥ ያሉትን ደም መልሶች ይጨምቃቸዋል። ወደ ላይ የወጣው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ደግሞ በየመሃሉ ትናንሽ ቫልቮች አሉ፣ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ። ፋብሪሲየስ የሚባል የፓዱዋ የአካል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1603 ስለነሱ ሲጽፍ "ትናንሽ በሮች" ነው ያላቸው። ስሙን ወደድኩለት። ለምን እንደተፈጠሩ ግን እሱ ራሱ በትክክል አልገባውም፤ ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ መሆኑን በ1628 ያስረዳው ተማሪው ሃርቪ ነው።

በሩ ሲላላ ምን ይሆናል? ደሙ ወደ ላይ ይወጣና መልሶ ይንሸራተታል። ታች ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የደም ሥሩ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ደግሞ ቀጣዩ በርም አልገጥም ይላል። ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ሲቆም በእግሩ መርገጫ አካባቢ ባሉ ደም መልሶች ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። መራመድ ሲጀምር ወደ 30 አልፎም ከዚያ በታች ይወርዳል። በሮቹ የላሉበት ሰው ግን ቢራመድም እንደሚገባው አይወርድለትም። እኔ ደግሞ አልራመድም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር ዙሪያ እቆማለሁ።

አሁን "እኔ እኮ የተጎረበጠ ደም ሥር የለኝም" እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔም ያታለለኝ እሱ ነው። ቫሪኮስ ማለት እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ነገር ነው ብዬ እሱን ስጠብቅ ነበር። ለካ የሚታየው ደም ሥርና በውስጥ ያለው ችግር ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። እንደ ሸረሪት ድር የሆኑ ቀያይና ሐምራዊ ክሮች፣ ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ብዙ ሰው አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመልክ በቀር አያስቸግሩም። ቫሪኮስ የሚባለው ቆመሽ ሲለካ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ግን ላዩ ንጹሕ ሆኖ፣ ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል እስከ ብሽሽት የሚወጣው ረጅሙ ደም መልስ በሮቹ ላልተው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። የኔ እንደዚያ ነበር።

የኔ ጣጣ የተገለጠው በምርመራው ቀን ነው። አስተኝተው ያዩኛል ብዬ ነበር፤ "ቁሚ" አሉኝ። ክብደትሽን በሌላው እግር ላይ ጣዪ ብለው፣ ቀዝቃዛውን ጄል ቀብተው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ጭኔ ላይ አደረጉ። ባለሙያው ባቴን በእጁ ጨመቅ አድርጎ ለቀቀው። ማሽኑ ሽው አለ፤ ደሙ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ከዚያ ጸጥ ማለት ነበረበት። አላለም። ሌላ ሽውታ፣ ረዘም ያለ፣ እየተንሻተተ። ስክሪኑ ላይ ቀለሙም ተቀየረ። "ይኼ ምንድነው?" አልኩት። "እየተመለሰ ነው" አለኝ። ከቆዳ ቅርብ ባሉት ደም መልሶች ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ወደ ኋላ ከፈሰሰ በሽታ ነው ይላሉ። የኔ ሦስት ሴኮንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አራት ዓመት ድካም ያልኩትን ነገር በጆሮዬ ሰማሁት።

ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚሠሩበት ደረጃ አላቸው፤ ከ0 እስከ 6 ይቆጠራል። 0 ላይ በዓይን የሚታይ ነገር የለም፣ ስሜት ግን ሊኖር ይችላል። 1 ቀጫጭኖቹ ክሮች፣ 2 ቫሪኮስ፣ 3 እብጠት። 4 ላይ ቆዳ ይለወጣል፤ 5 የዳነ ቁስል፣ 6 ያልዳነ። እኔ 3 ላይ ነው የደረስኩላት።

4ንና 6ን ግን በዓይንሽ አይተሻቸዋል። እናትሽ ወፍራም ካልሲ የሚያደርጉበትን እግር ታስታውሺያለሽ? አንድ ጊዜ ፋሻ ሲቀይሩ አጠገባቸው ነበርን። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቆዳው ቡናማ ሆኖ፣ ጠንክሮ፣ መሃሉ ላይ ያ የማይድን ቁስል። እኛ ልጆች ስለነበርን ያቃጠላቸው ነገር ያለ መስሎን ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ግፊቱ ሲበዛ ቀይ የደም ሴሎች ወደ ቆዳ ይወጡና ብረታቸው እዚያው ይቀራል፤ ቡናማው ቀለም እሱ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ጥቁረት ብቻ ስለሚመስል ሰው አያስተውለውም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኚ፤ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊ፣ ከሌላው እግር ይልቅ ጠንከር፣ ደረቅ ወይም ሻከር ያለ ቦታ እንዳለ። ነገሩ በቤተሰብ ይሄዳል፣ ያንቺ እናት ደግሞ ነበራቸው። ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። ግን ሁለት ልጅ ወልደሻል፣ ሥራሽም መቆም ነው፤ እርግዝናና መቆም ሲጨመርበት አስቢው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ካልሲሽን አውልቂና ብርሃን ባለበት ቁሚ፤ ተቀምጠሽ ካየሽው ደም ሥሩ ይደበቃል። የኋላውን ባትሽን በመስታወት እዪው። ከዚያ በአውራ ጣትሽ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ አጥንቱ ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጫኚና ልቀቂ። ጉድጓዱ ከቀረ ውሃ ይዟል። በልብስ መለኪያ ሜትር ቁርጭምጭሚትሽንና ባትሽን ጠዋትም ማታም ለኪ፣ ሁለቱንም እግር። ሁለቱም እኩል ካበጡ ደም መልስ ብቻ ነው ብለሽ አትዝጊው፤ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ እንደ አምሎዲፒን ያለ የደም ግፊት መድኃኒትም ያደርገዋል። የግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትወጪ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። አንዱ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ባቱ ከሞቀና ከታመመ፣ በውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። አታሺው፣ ያንኑ ቀን ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ ደግሞ የረጋው ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ያበጠ ደም ሥር ተነክቶ ቢደማም አትሩጪ፤ ተጋደሚ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀሽ ጫኚው።

የኔን ከውስጥ በሙቀት ነው የዘጉት። አካባቢውን ብቻ አደንዝዘው፣ ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር በደም ሥሩ ውስጥ አስገብተው። በዚያው ቀን በእግሬ ሄጄ ቤቴ ገባሁ። "ደሙስ በየት ይመለሳል?" ብዬ ጠይቄ ነበር፤ አብዛኛው ድሮም የሚሄደው በውስጠኞቹ ትልልቅ ደም መልሶች ነው አሉኝ። ለሁሉም ሰው ግን ይኼ አያስፈልገውም። በመርፌ አረፋ የሚያስገቡለት አለ፣ በሚያጠብቀው ካልሲ ብቻ የሚቆይም አለ። ተዘግቶም ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ ይህንንም ሳይደብቁ ነግረውኛል።

ካልሲውን ጠልቼው ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ እግሬ ሳያብጥ ነው የማደርገው፤ ስታገል ያየኝ ሰው ዓሣ የምይዝ ነው የሚመስለው። አሁን ሳላደርገው ስውል ልብስ የረሳሁ ይመስለኛል። አንቺ ግን ሳትመረመሪ ገዝተሽ እንዳታጠልቂ። የደም ቅዳ መጥበብ ካለ ማጥበቁ ራሱ ጉዳት ነው፤ መጀመሪያ የእግር የደም ግፊትሽን ከክንድሽ ጋር አነጻጽረው ያዩልሽ። በተረፈ ሥራ ላይ ቆሜ ተረከዜን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን አንዳንዶቹ መስታወት ውስጥ እያዩኝ ተቀምጠው አብረውኝ ያደርጋሉ።

ይህን የምጽፍልሽ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው፣ ለዚህ ነው ጽሕፈቴ የተንጋደደው። ቁጥሬን ከታች ጽፌልሻለሁ። ለክተሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝና የጠዋቱንና የማታውን ንገሪኝ፣ የግራና የቀኙን ለይተሽ። ሐኪም ቤት ብቻሽን መሄድ ከደበረሽ እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ አልሠራም። አብረን እንሄዳለን። ተራ ስንጠብቅ ያን የአምስት ዓመት ወሬ እንጨርሰዋለን፤ ብትቆጪኝም እዚያው ተቆጪኝ።

ያንቺው የጠፋችው