ግፊቱ ሳይወርድ የሚታይ አደጋ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በአራት ኪሎ አካባቢ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የነርሲንግ ተማሪዎችን የማግዝ ነርስ ነኝ፤ በሽታ በሰውነት አሠራር ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚያስረዳው የፓቶፊዚዮሎጂ ትምህርት ለፈተና ብቻ እየተሸመደደ መሆኑ እጅግ ያሳስበኛል።

በቅርቡ ከወሊድ በኋላ ደም ይፈሳት የነበረች እናት የደም ግፊቷ 110 በ70 በመሆኑ፣ አንዲት ትጉህ ተማሪ «ደህና ናት» ብላ መዘገበች። እጇን ስይዘው ግን ቀዝቅዞ በላብ ረጥቧል፤ የልብ ምቷም በደቂቃ 118 ደርሷል። እናትየዋ፣ ተመስገን፣ ተርፋለች።

አዋቂ ሰው ካለው ደም ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ሲያጣ፣ ልብ ፈጥኖ ስለሚመታ፣ የቆዳ ደም ሥሮችም ጠብበው ደሙን ወደ ልብና ወደ አንጎል ስለሚያደሉት፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር ባለበት ሊቆይ ይችላል፤ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ሰውነት መቋቋም ተስኖታል ማለት ነው። ተማሪዋ ይህን በክፍል ተምራዋለች፤ ከታማሚ እጅ ጋር አገናኝቶ ያሳያት አልነበረምና ጥፋቱ የእርሷ አይመስለኝም። መምህራን ትምህርቱን አልጋው አጠገብ፣ ቢቻል በአማርኛም ጭምር እንዲያስረዱ፣ የልምምድ ምዘናውም ተማሪው የለካውን ቁጥር ምክንያት እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንዲት ነርስ፣ ከአራት ኪሎ