የጽሑፍ ክበባችን ዘንድሮ

“ጥናቶች እንደሚያሳዩት” የሚለው አባባል ዘንድሮ በክበባችን ታግዷል። የትኛው ጥናት? ማን አጠናው? መቼ? መልስ የሌለው ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዛል። መጀመሪያ ሰሞን ከርዕሱ በቀር ምንም ያልተረፈለት ድርሰት ነበር። ኤአይ አስጽፎ የመጣም አልጠፋም፤ የጠቀሰውን መጽሐፍ ስንፈልግ መጽሐፉ ራሱ የለም።

የዓመቱ ሥራችን አመዛዛኝ ድርሰት ነበር። እኔ ተማሪዎቹ ስለ ሞባይል እንዲጽፉ አስቤ ነበር። እነሱ ግን “የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይነቀል ወይስ ይቆይ?” የሚለውን መረጡ። የነሱ ተሻለ።

ሁሉም ማለት ይቻላል “ይነቀል” ብለው ነው የጀመሩት። ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም፤ ግማሹ ከቴሌግራም የተገለበጠ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣው በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋ እዚሁ እንድትቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ይህን ያገኘች የ10ኛ ክፍል ተማሪ መግቢያዋን እንዳለ ቀደደችው።

ትልቁ ፈተና የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ መጻፍ ነበር። “አንዳንድ ያልገባቸው ሰዎች” ብሎ የጀመረ ሁሉ ወረቀቱ ተመለሰለት። ባላጋራህን ሞኝ አድርገህ ብታሸንፈው ማንን አሸነፍክ? ስለዚህ ወጥተው ጠየቁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ዕለት ገቢያቸው ነገሯቸው። አጠና ነጋዴው ደግሞ ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ አሳያቸው። ጽድ እንዲህ አያደርግም፤ ለመድረስም ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ አቋማቸው ጠበበ። “ይነቀል” ያሉት “ከምንጭ አጠገብ ያለው ይነሳ፣ ገደላማው ቀስ በቀስ በጽድና በወይራ ይተካ፣ ለእንጨት ለቃሚዎቹም ሌላ ሥራ ይታሰብ” ወደሚል መጡ። እንዲህ ያለው አቋም ለመከራከር ይመቻል፤ ማስረጃ የሚፈልግበት ቦታ ይታወቃል። አንዷ ግን እስከ መጨረሻው “ሙሉ በሙሉ ይነቀል” እንዳለች ናት። እኔ አልተስማማሁም። የዓመቱ ምርጥ ድርሰት ግን የሷ ነው፤ የእናቶቹን ጉዳይ ከማንም በላይ አንስታ፣ ከማንም በላይ መልሳለታለች። በሚኒ ሚዲያ ሲነበብ ሰልፉ ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ ደወሉ ዘግይቷል።

የመስከረም ምዝገባ ለ9ኛ ክፍሎችም ክፍት ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።