ሳጥኑ አይሸውዳችሁ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ያገለገለ ሮሌክስ ሰዓት ሊገዛ ፒያሳ ላይ አሳየኝ። "ኦሪጅናል ወረቀት አለው" ተብሏል። ሳጥኑ ያምራል። የሰዓቱንና የዋስትና ካርዱን መለያ ቁጥር በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰዓቱ ላይ 3 ያለው ካርዱ ላይ 8 ነው! ካርዱ የሌላ ሰዓት ነበር።

ኦሪጅናል ወረቀት ማለት ሰዓቱ አዲስ ሲሸጥ አብሮት የወጣው የዋስትና ካርድ ነው። መለያ ቁጥሩ ከሰዓቱ ጋር መግጠም አለበት። አዳዲሶቹ ሮሌክሶች ላይ ቁጥሩ ከመስታወቱ ስር ባለው ቀለበት፣ በ6 ቁጥር በኩል ተቀርጿል። የድሮዎቹ ላይ ግን ማሰሪያው ካልተፈታ አይታይም።

ሳጥን ለብቻውም ይሸጣል፤ ካርድም ፎርጅድ ይሠራል። ስለዚህ ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ማሽኑን ሳያይ ብር እንዳትከፍሉ፣ አደራ።