በበልግ ተራራ ለሚወጣ ሰው የከተማ የአየር ትንበያ አይበቃም

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ የወጣው ጽሑፍ፣ የወሎን ተራሮች በእግር ለመውጣት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ምድሩ ለምለም፣ ዝናቡም ቀላል በመሆኑ ተመራጭ እንደሆነ ይመክራል። ለምለምነቱን አልክድም፤ በዚያ ሰሞን ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ ሽቅብ የሄደ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ዝናቡ ቀላል ነው የሚለው አነጋገር ግን ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ለሚያየው ልክ ሊሆን ቢችልም፣ ጦሳ አናት ላይ ወይም አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ ለሚደርስ ሰው አሳሳች ምክር ነው።

የበልግ ዝናብ እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲሆን፣ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ተገፍቶ የአፋርን ዝቅተኛ ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ከወሎ ምሥራቃዊ ገደል ጋር ይላተማል። ገደሉ ነፋሱን ሽቅብ ይመራዋል፤ ነፋሱም ከፍ ባለ ቁጥር እየቀዘቀዘ እርጥበቱ ወደ ጉምና ደመና ይለወጣል። የደሴ ሰው ጦሳ ጉም ሲለብስ አይቶ ጃንጥላውን የሚያነሣው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ዝናብ እንደ ሐምሌው ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ አይደለም፤ ሳይታሰብ መጥቶ፣ አንዱን ሸንተረር አርሶ፣ ማዶ ያለውን ደረቅ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። ተጓዡን የሚያዘናጋውም ይኸው ጠባዩ ነው።

የቀኑ አካሄድ ግን ለሚከታተለው ምልክት ይሰጣል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ማዶው ያለው አምባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረፋድ 4 ሰዓት ግድም በገደሉ ጠርዝ ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ብጥስጥስ ያለ ደመና ብቅ ይላል፤ ይህ በራሱ አያሰጋም። እኩለ ቀን ሲቃረብ ሥሩ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ፣ አናቱ ደግሞ ወደ ላይ እየተቆለለ የሚሄድ ደመና ከታየ ግን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ሊከተል እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ ከጫፍ ለመድረስ ያሰበ ሰው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ቢዘገይ እስከ 6 ሰዓት ቁልቁለቱን መጀመር አለበት። ቁርስ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ በ3 ሰዓት ጉዞ የሚጀምር ቡድን ጫፍ የሚደርሰው ደመናው በሚበረታበት ሰዓት ነው።

ቅዝቃዜውንም ብዙዎች አሳንሰው ይገምታሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ላሊበላ ከተማ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ 4,260 ሜትር ያህል ነው። ከተማው ውስጥ 24 ዲግሪ የሆነ ቀን ጫፉ ላይ 12 ወይም 13 ዲግሪ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ዝናብና ነፋስ ሲጨመርበት የራሰ ልብስ የለበሰ ሰው እጁ ደንዝዞ የጫማውን ማሠሪያ ማሰር እስኪያቅተው ሊደርስ ይችላል። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ ውሃ ከጠጡ በኋላ አያሞቁም። የደጋው እረኛ ከሱፍ የተሠራ ባና ደርቦ፣ ከሣር የተሠራ ገሳ ከላይ ጣል የሚያደርገው በዕውቀት ነው፤ አንዱ ረጥቦም ያሞቃል፣ ሌላው ውሃውን ያንሸራትታል። የከተማው ተጓዥ በዚሁ ሥርዓት ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ቢይዝ ይበቃዋል።

መብረቅን በተመለከተ፣ ብልጭታው ከታየበት እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ያለው ጊዜ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያመለክታል። ልዩነቱ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ ከሸንተረሩ አናት ፈጥኖ መውረድ ያስፈልጋል፤ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ግን ከዝናቡ የባሰ አደጋ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ አናቱ መመለስ አይገባም።

ሲወርዱ ደግሞ ዋልካው ሌላ ፈተና ነው። ጠዋት በእርግጫ የማይነቀነቀው መሬት ከሰዓት በኋላ ጫማን ይይዛል፤ ጭቃውን ለመሸሽ ሲሉ የበልግ ገብስ የሚረግጡ ተጓዦች መኖራቸውም ያሳዝናል። (እኛ የምንሸሸውን ዝናብ ገበሬው በስለት የሚጠብቀው መሆኑን ማሰብ ደግ ነው።) ጠዋት በድንጋይ ላይ የተሻገሩትን ወንዝ ማታም እንደዚያው እሻገራለሁ ማለት አያዛልቅም፤ ከላይ የዘነበው ታች ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አይደለም። የፋሲካ በዓል ሁልጊዜ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል፣ ላሊበላ የሚደርሰው ተሳላሚና ጎብኚ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው፣ ጉዞው በሙሉ በበልግ ውስጥ ነው። ጊዜውን መምረጥ የማይችል ሰው ሰዓቱን መምረጥ ይችላል።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ስታትሙ፣ የደሴና የኮምቦልቻ አኃዝ ለከተሞቹ እንጂ በላያቸው ለሚታዩት ተራሮች እንደማያገለግል በአንድ መስመር ብትገልጹ፤ እንዲሁም የጉዞ ዓምዳችሁ አንድን ተራራ ሲያስተዋውቅ ከፍታውን፣ መነሻና መመለሻ ሰዓቱን፣ በመንገዱ ላይ መጠለያ የሚገኝበትን ቦታ አብሮ ቢጽፍ። የመጨረሻውን ከአካባቢው መንገድ መሪዎች ጠይቆ ማግኘት አይከብድም፤ የትኛው ዋሻ ስንት ሰው እንደሚያስጠልል እነሱ ያውቁታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ