ለገደል ብሎ ገጠር ሊገባ ስለተነሣው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣውን የአንድ አባት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጃቸው ዋሽንግተን አካባቢ ጥሩ ሥራ ይዞ እያለ "ሮክ ክላይሚንግ (በገመድ ገደል መውጣት) ወዳለበት የገጠር ከተማ ልሄድ ነው" ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። እሳቸውም "ሰው ከገደል ይሸሻል እንጂ ገደል ፍለጋ ቤት ይቀይራል ወይ?" ብለው ጠይቀዋል። ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ይህንኑ ካደረግን ስድስት ዓመት አለፈን። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ወጥተን ፋየትቪል የምትባል የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ገባን። ልጃችንም እዚህ ነው የተወለደችው። ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

አባቴም መጀመሪያ ልክ እንደ እርስዎ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሊዘጋብኝ ምንም አልቀረውም። በኋላ ግን እሱ ራሱ በወጣትነቱ ደብረ ዳሞ መውጣቱ ትዝ አለኝ። እኔ ሴት ስለሆንኩ እዚያ አልገባም፤ ታሪኩን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አልጠገብኩትም። 15 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል፣ በእጅ የሚያዝ አንድ ጠፍር፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ሌላ ጠፍር፣ ከላይ ሆኖ የሚስብ መነኩሴ። "እግርህን አለቱ ላይ ደግፍ፣ በእጅህ ብቻ አትንጠልጠል ሲሉኝ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው" ይል ነበር። እኔም አባዬ፣ የምሠራው እኮ ይህንኑ ነው አልኩት። ወገቤ ላይ መታጠቂያ አለ፣ ገመዴን የሚይዝልኝ ሰው አለ፣ የማምነውም እግሬን ነው። ከዚያ ወዲህ ሲደውል "ዛሬ መነኩሴሽ ማን ነበር?" ይለኛል። ገመድሽን ማን ያዘልሽ ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ከተማ መረጣው ልምጣ፤ ልጅዎ ላይ የምሰጋው እዚህ ላይ ነው። እኛም ስንጀምር ተሳስተን ነበር። ካርታ ዘርግተን ዝነኛው አለት የት ነው ብለን ነበር የፈለግነው። የመጀመሪያ ምኞታችን ካሊፎርኒያ ያለችው ቢሾፕ ነበረች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ሜዳው ላይ ተበትነዋል፣ ከኋላቸው የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ለብሰው ይታያሉ። አንድ ሳምንት ከርመን ልንለያት አቃተን። ግን በዙሪያዋ ያለው መሬት አብዛኛው የሎስ አንጀለስ ከተማ የውኃና መብራት መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ለውኃው ሲባል ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የተገዛ ነው። ከተማዋ የምትሰፋበት ቦታ የላትም፣ ቤት ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

ዋዮሚንግ ያለችው ላንደርም ልባችንን ወስዳው ነበር። ወደ 7,500 የሚሆን ሕዝብ አላት፣ ገደል የሚወጣ ሰው ሞልቷል፣ በየሐምሌው ትልቅ የክላይመሮች ፌስቲቫል ይደረግባታል። እዚያ ግን አንድ ጥያቄ አሰናከለን። ዲሲ ለቅሶ ቢኖር እንዴት ይደረሳል? በመኪና ሦስት ቀን ነው። እናቴ ታማ ብትደውልልኝ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ሆኜ ራሴን አሰብኩትና ላንደርን ያን ዕለት ተውናት። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ከሄደ በኋላ ነው። ኬንታኪ ያለው ሬድ ሪቨር ጎርጅ አለቱ ግሩም ነው፣ ለእኔ ሙያ የሚሆን ሥራ ግን በቅርብ አላገኘሁም። ሴኔካ ሮክስ ደግሞ ከዲሲ የሦስት ሰዓት መንገድ ብቻ ነው። ችግሩ አካባቢው የሬዲዮ ሞገድ በሚገደብበት ቀጠና ውስጥ መሆኑ ነው። ግሪን ባንክ ላለው፣ ከኅዋ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ለሚያዳምጠው ቴሌስኮፕ ተብሎ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ ነው፣ የስልክ ኔትወርክ እንደልብ አይገኝም። ባለቤቴ ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር ስለሚሠራ ያም ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ የገባን ነገር ቢኖር ከተማ በቅዳሜ አይመረጥም። ቅዳሜማ ከዲሲም ነድተን እንደርስ ነበር። ጥያቄው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ፣ ልጅ ከመዋያ ተቀብዬ፣ እራት ሳይደርስ አንድ ሁለት ጊዜ ወጥቼ መውረድ እችላለሁ ወይ? ገመዴን የሚይዝልኝ ሰውስ ማክሰኞ ይገኛል ወይ? ይህን ብለን ስንቆጥር ዝነኞቹ ቦታዎች አንድ በአንድ ወደቁ፣ ፋየትቪል ቀረች።

3,000 የማይሞላ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ካፌዎች፣ አንድ ሁለት የክላይሚንግ ዕቃ መሸጫ፣ አለቀ። ከዲሲ ወደ 300 ማይል ነው፣ አምስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኒው ሪቨር የሚባለው ወንዝ የቆረጠው ጥልቅ ሸለቆ አለ። ሸለቆውን ዳርና ዳር ይዞ የሚሄደው ገደል ከ10 እስከ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ይባላል፣ ግን እንደ ስሙ አይፈረፈርም። አብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ እጅ ሲይዘው ደግሞ ይለሰልሳል። ከ1,400 በላይ የታወቁ መውጫዎች አሉት። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንግዳው ጨመረ፣ ለኪራይ ይገኝ የነበረውም ቤት ብዙው የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ልጅዎ ይህን አውቆ ይምጣ።

እኔን የማረከኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሸለቆው ሁለት ፊት አለው። ኤንድለስ ዎል የሚባለው ወደ ደቡብ ስለሚያይ በብርድ ወቅት ፀሐይ ያገኛል፤ ጥር ላይ ጃኬቴን አውልቄ የወጣሁበት ቀን አለ። ካይሙር የሚባለው ደግሞ ወደ ሰሜን ያያል፣ በሐምሌ ሙቀት ጥላ ነው። ካይሙር ከ1899 ገደማ እስከ 1962 እ.ኤ.አ. የከሰል ማዕድን ነበር። ከገደሉ ሥር ወደ ማዕድኑ ፍርስራሽ የሚወርድ የእንጨት ደረጃ አለ፣ 821 ደረጃ ነው። ልጄ መቁጠር የተማረችው እሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ መንገዱም ካነሣሁ ድልድዩን ሳልጠቅስ አላልፍም። የኒው ሪቨር ጎርጅ ድልድይ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከወንዙ 267 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ማዶ ለመሻገር በጠመዝማዛው መንገድ ወርዶ መውጣት 40 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አሁን አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ቤክሊ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ከሥራ ቤት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከቤት ገደሉ ሥር አሥር ደቂቃ። ዲሲ እያለሁ ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ቆሜ የማሳልፈው ጊዜ ለዚህ ሁሉ ይበቃ ነበር።

አሁን ደግሞ መጥፎውን ልናገር። ቤት ስንገዛ አገናኛችን "ፈጣን ኢንተርኔት አለ" ብሎን ነበር። ገብተን ስንጠይቅ መስመሩ ከኛ ቤት በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ያበቃል። ባለቤቴ አራት ወር ሙሉ ቤተ መጻሕፍት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ ሠራ። በዚያን ጊዜ ስንት ቀን ተኮራርፈን እንዳደርን አልነግራችሁም። ልጅዎ ኢንተርኔቱን በቃል አይመን፣ ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ይሞክረው። ሌላም አለ። በዚህ አገር ላይኛው መሬት ያንተ ሆኖ ከሥሩ ያለው ማዕድን የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የድሮ የከሰል ዋሻም ቤት ሥር ይኖራል። ስለዚህ ውሉን በጠበቃ ያስነብብ፣ የቤት ኢንሹራንሱም የመሬት መስመጥን የሚሸፍን መሆኑን ሳያይ አይፈርም። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ለሚመጡ እንደሱ ላሉ ሠራተኞች 12,000 ዶላር የሚሰጥ ፕሮግራም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሁለት ዓመት መኖርን ይጠይቃል፣ ውድድርም አለው፣ ግን ማመልከት አይከፋም።

"ጥቁር ልጅ እዚያ ገጠር ውስጥ እንዴት ይሆናል?" ብለው የጻፉት ነገር እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አብዛኛው ሰው ነጭ ነው፣ እውነቱ ይህ ነው። በየሱቁ አፍጥጦ ያየኝ ሰው አልጠፋም። ግን እነዚህን የከሰል ጉድጓዶች የቆፈረው ጥቁር ሰው ጭምር ነው። ካርተር ውድሰን፣ ዛሬ በየካቲት የሚከበረውን የጥቁሮች ታሪክ ወር መነሻ የጣለው ሰው፣ ወጣት ሆኖ በዚህችው ፋየት ካውንቲ ከሰል ቆፍሯል። በ1890ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዊኖና በምትባል እዚሁ ጎረቤታችን ባለች መንደር አስተማሪ ነበር። በኋላ የኖረበት ቤት ዲሲ 9ኛ ጎዳና ላይ ነው፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከከፈቱበት ሰፈር ትንሽ ወረድ ብሎ። በፊቱ ስንት ጊዜ ክትፎ ልበላ እንዳለፍኩ! ይህን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ቦታው ትንሽ የኔ መሰለኝ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የከሰል ሠራተኛ ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት የካቲት ላይ በረዶ ጣለ፣ ዛፍ ሽቦ ላይ ወደቀ፣ መብራት ጠፋ። ሊጤ ኩፍ ብሎ ሊጋገር የደረሰ ዕለት ነው። የጤፍ ዱቄቱ በፖስታ ነው የሚመጣው፣ እንዲያ ሆኖ ሊበላሽ ነው ብዬ ተናደድኩ። በሁለተኛው ቀን ሰውዬው ጄኔሬተር በጋሪ እየጎተቱ መጡ። "ፍሪጁን ሰኩት" ሲሉን እኔ ቀድሜ ምጣዱን ሰካሁ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሲያወጣ አጠገቤ ቆመው አዩ፣ ምንም አልተናገሩም፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ብለው እንደገና አዩ። በሽሮ ሦስት በሉ። አሁን የጋገርኩ ቀን አንድ ሁለት ሳልልክላቸው አልቀርም፣ እሳቸውም ሚያዝያ ላይ ከጫካ የሚለቀም የዱር ሽንኩርት ያመጡልናል።

የሚጎድለኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ ሲያምረኝ መንገድ ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ ዲሲ እንሄዳለን፣ የልጄን ክርስትናም እዚያው አስነሣን። ሌላውን ሁሉ ለምጄዋለሁ፣ ይህን ግን አልለመድኩትም።

አደጋ የለውም አልልዎትም። ነርስ ነኝ፣ አይቻለሁ። ሰው የሚጎዳው አለቱ ከብዶት ብቻ አይደለም። ቋጠሮውን ሳያይ ሲነሣ፣ ወይም ገመዱ አጭር መሆኑ ሳይታወቅ ሰው ሲወርድ ጫፉ ከያዡ እጅ ሲያመልጥም ነው። ልጅዎን "የገመድህን ጫፍ ትቋጥራለህ ወይ?" ብለው ይጠይቁት። ሳያመነታ "አዎ" ብሎ ለምን እንደሚቋጥር ካስረዳዎት ግማሹን ሥጋትዎን ያውርዱ። የሚሄድበት ከተማ አምቡላንስ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስም አብረው ያጣሩ። ከጫካ ሲመለስ ደግሞ ሰውነቱን ለመዥገር ይፈትሽ፣ እዚህ አገር መዥገር በሽታ ያስይዛል።

ከመወሰኑ በፊት አንድ ሳምንት የካቲት ላይ እዚህ ይሰንብት። ጥቅምት ላይ አይምጣ፤ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቀልቶ፣ አየሩ ደርቆ ሲያይ ማንም ሰው ቤት ይገዛል። በየካቲት ዝናብና ጭቃ ውስጥ ሱቁን፣ ሥራውን፣ ማታውን ይየው። የኛ ቤት ትርፍ አልጋ አለው። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ። እርስዎም አብረውት ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ ገደሉ ሥር ወንበር እናወጣለን፣ ቡና አፈላለሁ፣ ልጅዎ ሲወጣ ገመዱን እኔ እይዝለታለሁ።

አንዲት አንባቢ
ፋየትቪል፣ ዌስት ቨርጂኒያ