ስለ ፒያሳ ቀሪ ቤቶችና ስለ ሙምባይ የንግድ ሰፈር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የፒያሳ ነባር ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ ነው በሚሉና አሮጌ ቤት ሁሉ ጉስቁልና ነው በሚሉ ወገኖች መካከል ብቻ የተወሰኑ ይመስላሉ። ዘመድ ለማሳከም ወደ ሕንድ በሄድኩበት ወቅት በእግሬ የተዘዋወርኩበት የሙምባይ ጥንታዊ የንግድ ሰፈር ሌላም መንገድ እንዳለ ስላሳየኝ፣ ይህን ለመጻፍ ተነሳሳሁ።

ፎርት የሚባለው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ግንቡ ከፈረሰው የእንግሊዞች ምሽግ ነው። ቀድሞ ደላሎች በከተማው አዳራሽ አቅራቢያ ከዋርካ ጥላ ሥር እየተሰበሰቡ አክሲዮን ይሻሻጡ ነበር፤ በ1875 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአክሲዮን ገበያ መነሻውም ይኸው ነው። ከወደቡ አጠገብ ያለው ባላርድ እስቴት ደግሞ የመርከብ መቆሚያ ሲቆፈር በወጣው አፈር ባሕሩ ተደልድሎ፣ ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በአርክቴክት ጆርጅ ዊቴት ንድፍ ተሠራ። የሕንፃዎቹ ከፍታና የፊት ገጽታ እርስ በርሱ እንዲስማማ ስለተደረገ፣ ውበቱ ያለው በመንገዱ እንጂ በአንድ ሕንፃ ላይ አይደለም፤ ከመካከል አንዱ ቢነሳ ጠቅላላው ይጎድላል። ሕንፃዎቹም ሙዚየም አልሆኑም። ዛሬም የመርከብ ድርጅቶች፣ ጠበቆችና ምግብ ቤቶች ይሠሩባቸዋል።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ የወጣው ደንብ ነጠላ ሕንፃዎችን ብቻ ሳይሆን ሰፈሮችንም መዝግቦ በሦስት ደረጃዎች ከፍሏቸዋል። የአንደኛ ደረጃው እምብዛም አይነካም፤ በሁለተኛው የውስጥ ክፍል ለአዲስ አገልግሎት ሊስተካከል ይችላል፤ በሦስተኛው ከዚያ የሰፋ ለውጥ ይፈቀዳል። ባለቤቱም ሆነ አልሚው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደተፈቀደለት ያውቃል ማለት ነው።

ቅኝ ገዥ የሠራው ለምን ይጠበቃል የሚል ቢኖር፣ ሕንዶች በእንግሊዝ አገረ ገዥ ስም ይጠራ የነበረውን አደባባይ ነፃነታቸውን በደገፈው ጋዜጠኛ በሆርኒማን ስም ሰይመው ሕንፃዎቹን ግን ሳያፈርሱ ጠብቀዋቸዋል። ቅኝ ያልተገዛነው እኛ፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶችና የራሳችን ሰዎች ነግደው ያቀኑትን አራዳ ለማፍረስ ከእነሱ መፍጠናችን ይገርመኛል። ከሕንድ የመጣውን የመሐመዳሊ የንግድ ቤት ከአገር ያባረረው እንኳ የጣሊያን ወራሪ ነበር።

ሙምባይን ግን ያለ እንከን ማቅረብ አልፈልግም። በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው የኪራይ ሕግ ኪራይን ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ስላቆመው አከራዮች ዕድሳትን ተዉት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በዚያው በፎርት የአንድ አሮጌ ሕንፃ ክፍል ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። የእኛም የቀበሌ ቤቶች ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ኪራዩ ለጥገና በማይበቃ መጠን ቀረ፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠየቅ ባለቤት ጠፋ። በኋላ ለማፍረስ ምክንያት ሆኖ የቀረበው ጉስቁልና በከፊል የዚህ አሠራር ውጤት ነው። ስለዚህ ቤቶቹን በቅርስነት መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ የዕድሳት ወጪው ከየት እንደሚመጣ አብሮ ካልተወሰነ ምዝገባው ቤቱ ቀስ በቀስ እንዲወድቅ መፍረድ ይሆናል።

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አንዴ ፈርሶ ሄዷል። ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ዙሪያ ጀምሮ በአራዳ ለቆሙት ነባር ቤቶች ግን የሚመለከተው የከተማው አስተዳደር አካል በየመንገዱ የተዘጋጀና ደረጃቸውን የሚያሳይ ዝርዝር አዲስ የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። በቤቶቹ ውስጥ የሚሠሩት ወርቅ ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ቡና ቤቶችም ከዕድሳቱ በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው የመመለስ መብታቸው በውል ይጻፍላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአራዳ ነዋሪ
አዲስ አበባ